እሜት ጎጎ ያልደረሰው አያት

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት አስጎብኚያችን ሰልፍ ሲያሲዘን እኔን ከፊት አደረገኝ። ከኋላዬ ልጄ፣ ከእሷ ቀጥሎ ሁለቱ የልጅ ልጆቼ፣ ከሁሉም ኋላ ጠመንጃውን ያነገተው ስካውት ሆኑ። እኔም ደረቴን ነፋሁ። «አያችሁ? እኛ አገር ሽማግሌ ይከበራል» አልኳቸው። አስጎብኚው ፈገግ አለ እንጂ አልተናገረም። ለምን ከፊት እንዳደረገኝ የገባኝ በሦስተኛው ቀን ነው።

ጊዜው 2012 ዓ.ም.፣ ታኅሣሥ አጋማሽ ነበር። ልጄ ብዙ ዓመት ከኖረችበት ከዋሽንግተን አካባቢ ሁለት ልጆቿን ይዛ መጥታለች። ትልቋ አሥራ አራት፣ ትንሹ አሥር ዓመታቸው ነው። አማርኛ ይሰማሉ፤ ሲናገሩት ግን ይሰባብሩታል። አዲስ አበባ በገቡ በሳምንቱ በየዘመዱ ቤት መጋበዙ ሰለቻቸውና ስልካቸው ላይ ተደፉ። እኔ ደግሞ ጡረታ የወጣሁ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ራስ ደጀንን በጠመኔ ሰሌዳ ላይ እየሳልኩ «4,620 ሜትር» ብዬ አስተምሬያለሁ። በኋላ የወጡት ልኬቶች 4,550 ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ ትንሽ ዝቅ ያደርጉታል፤ ያስተማርኳቸው ይቅር ይበሉኝ። ተራራውን ግን በዓይኔ አይቼው አላውቅም ነበር። ስልሳ ሦስት ዓመት ሞልቶኛል፤ ካሁን ወዲያ መቼ ልሄድ ነው? ልጆቹንስ አገራቸውን ማን ያሳያቸው?

ትንሹ በመጀመሪያ አኩርፎ ነበር። እሱ የፈለገው ራፍቲንግ ነው፤ በላስቲክ ጀልባ ከወንዝ ጋር እየተላጉ መውረድ። ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ከአባቱ ጋር አንድ ጊዜ ሞክሮት ከዚያ ወዲህ ሌላ ወሬ የለውም። እኛም አገር ይኸው ነገር ታሪክ አለው። በ1973 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ጥቂት ወጣት አሜሪካውያን አዋሽንና ኦሞን በጀልባ ወርደው፣ ከዚያ ተነሥተው በዓለም የታወቀ የጉዞ ድርጅት አቋቁመዋል። ነገር ግን ኦሞ አዞና ጉማሬ ያለበት፣ ብዙ ቀን የሚፈጅ ጉዞ ነው፤ የአሥር ዓመት ልጅ የሚወሰድበት አይደለም። «ወንዙን ከላይ ሆነህ ታየዋለህ» ብዬ አባበልኩት።

ከአዲስ አበባ ጎንደር በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከጎንደር ደባርቅ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል አስፋልት። ደባርቅ ላይ ፓርኩ ጽሕፈት ቤት ገብተን ከፈልን፤ አስጎብኚ፣ ስካውት፣ ምግብ አብሳይና ባለበቅሎ ተገኙልን። አስጎብኚያችን ሃያ ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው። ተማሪዬ ይሆን የነበረ ልጅ። ገና ከመኪና ሳንወርድ ሕጉን ነገረን። ውኃ ቶሎ ቶሎ መጠጣት። ገደል አፍ ላይ ፎቶ ለመነሣት አለመሽቀዳደም። ራሱን ያመመው፣ ያቅለሸለሸው፣ ምግብ ያስጠላው ሰው ወዲያው መናገር። «ማንም አይደብቅ» አለ። ዓይኑ ልጆቹ ላይ ነበር፤ ስለዚህ ለእነሱ የተነገረ መሰለኝ። ከባሕር ጠለል ብዙም ከማይርቅ አገር የመጡት እነሱ ናቸው። እኔ የአዲስ አበባ ሰው፣ ደገኛ ነኝ።

ቡይት ራስ ላይ ከመኪና ወርደን ወደ ሳንቃበር በእግር ጀመርን። ገና አንድ ሰዓት ሳንሄድ ጭላዳዎቹን አገኘናቸው። አንድ መቶ ይሆናሉ፤ ምናልባትም ከዚያ በላይ። ጭላዳ ከኢትዮጵያ በቀር በዱር የትም የለም። እንደ ሌላው ዝንጀሮ ዛፍ ለዛፍ አይዘልም፤ ቁጭ ብሎ ሣር ይነጫል። ደረታቸው ላይ ያለው ቀይ ገላ ከሩቅ ይታያል፤ ወንዱ ጎፈሩን ሲነሰንሰው የአንበሳ ጎፈር የለበሰ አርበኛ ይመስላል። ሲመሽ ገደሉ ላይ ይወርዱና እዚያው ተለጥፈው ያድራሉ። ትንሹ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ጭላዳዎቹ ከበውት ይግጣሉ፤ እሱ ትንፋሹን ውጦ ያያል። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ስልኩን አላወጣም። ልጄ ዞር ብላ አየችኝ፤ ዓይኗ ውስጥ እንባ ነበር።

ሳንቃበር 3,250 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ብርዱ ቢላዋ ነው። ጋቢ ደርበን፣ እሳት ከበን ሽሮ በላን። ስካውቱ ቆሎ ከኪሱ እያወጣ ለልጆቹ ያድላል። ጠዋት ስንነሣ ድንኳኑ ላይ አመዳይ ተጋግሮ ነበር።

በሁለተኛው ቀን ወደ ግጭ አቀናን። መንገዱ የጅንባርን ፏፏቴ ከፊት ለፊት ያሳያል። ውኃው አምስት መቶ ሜትር ገደማ ጥልቀት ወዳለው ገደል ይወረወራል። በታኅሣሥ ስለሆነ ቀጥኗል፤ እንደ ነጭ ክር ይወርዳል። ትንሹ «ይሄ ውኃ የት ይሄዳል?» አለ። ሠላሳ ዓመት የጠበቅኩት ጥያቄ! የሰሜን ተራሮች ውኃ ወደ ተከዜ ይገባል፤ ተከዜ ሱዳን ገብቶ ከአትባራ ጋር ይገናኛል፤ አትባራ ከዓባይ ይቀላቀላል። «ካይሮ» አልኩት። ልጁ ገደሉን አየ፤ እኔን አየ። «በጀልባ?» አለ። ሁላችንም ሳቅን።

ከፏፏቴው በኋላ ጅንባር ወንዝን ተሻግረን ዳገቱን ያዝን። እዚህ ላይ ነው ነገር የጀመረኝ። በመጀመሪያ ግንባሬን ያዝ አደረገኝ። ፀሐይ ነው አልኩ። ቀጥሎ ልቤ ደረቴን ይደልቅ ጀመር። ከፊት ነኝና መቆም አፈርኩ፤ እንዲያውም እርምጃዬን አፈጠንኩ። ስካውቱ ከኋላ «ጌታው፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አለ። ተረቱን ለስንት ተማሪ ተርቼዋለሁ፤ ለኔ የተተረተ ግን አልመሰለኝም።

ግጭ 3,600 ሜትር ገደማ ነው። ሜዳው በጓሳ ሣር ተሸፍኖ ወርቅ መስሏል፤ መሐል መሐሉ ላይ ጅብራ ቆሟል። ጅብራ ብዙ ዓመት ይኖርና አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል፤ ከዚያ ይሞታል። አበባው ከሰው ቁመት በላይ ተመዝዞ ይወጣል። ትልቋ ልጅ ይህን ስትሰማ «ያሳዝናል» አለች። አስጎብኚው «ዘሩን ግን በትኖ ነው የሚሄደው» አላት። አለፍ ብሎ የተቃጠለ ቦታም አሳየን። በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ ላይ እሳት ተነሥቶ ጓሳውና አስታው ነደደ። የአካባቢው ሕዝብ በቅጠልና በአፈር ታገለው፤ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጡ። እሱም ሌሊቱን ቅርንጫፍ ይዞ ከነበሩት አንዱ ነው። ሲናገር ድምፁ ዝቅ ይላል።

የዚያን ቀን ማታ እራት አልበላሁም። «ጠግቤያለሁ» አልኩ። ሌሊት ከድንኳን ወጥቼ አስመለሰኝ። ማንም ያየኝ አልመሰለኝም።

በማግሥቱ የጉዞው ዋና ቀን ነበር። ከግጭ ተነሥቶ እሜት ጎጎ መውጣት፣ መመለስ። እሜት ጎጎ 3,926 ሜትር ላይ እንደ መርከብ አፍንጫ ወደ ባዶ የወጣ አለት ነው፤ በሦስት በኩል ገደል። በፎቶ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። አስጎብኚው ሻይ እያቀረበልኝ «ጋሼ፣ እንዴት አደሩ? ራስዎን አያምዎትም?» አለ።

«በጭራሽ።»

ትልቋ የልጅ ልጄ ጽዋዋን አስቀመጠች። በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ «አባባ ውሸት ነው። ማታ አልበላም። ሌሊት አስመለሰው። እኔ ሰማሁ» አለች።

ደሜ ፈላ። ልጅ በትልቅ ሰው ነገር ገብታ፣ ያውም በሰው ፊት! ልቆጣት አፌን ስከፍት አስጎብኚው ቀደመኝ። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ተራራው ትልቅ ሰው፣ ትንሽ ሰው አያውቅም። ከዚህ በላይ መውጣት የለብዎትም። እንዲያውም ዛሬውኑ ይወርዳሉ።» የከፍታ ሕመም ጎበዝና ደካማ፣ ወጣትና ሽማግሌ ሳይመርጥ ይይዛል። እያመመው የሚወጣ ሰው ሳንባው ወይም አንጎሉ ውኃ ሊቋጥር፣ ሊሞትም ይችላል። መድኃኒቱ መውረድ ነው። ይህን ሁሉ ረጋ ብሎ ነገረኝ። ለመንኩት። «አንድ ጊዜ ብቻ ላሳያቸው» አልኩ። «እኔ አሳያቸዋለሁ» አለኝ። ልጄም «አባዬ፣ እባክህ» አለች። ልጆቹ ከእሷ ጋር ወደ ላይ ወጡ፤ እኔ በበቅሎ ወደ ታች።

ባለበቅሎው ብዙ አይናገርም። ጥቂት እንደ ሄድን በቅሎዋን አቆመና ሣር የበቀለበት ሜዳ በአለንጋው አሳየኝ። «ቤቴ እዚህ ነበር» አለ። ፓርኩ በ1978 እንደ ፈረንጆቹ በዩኔስኮ መዝገብ ከሰፈሩት የዓለም የመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት ቅርሶች አንዱ ነው። በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ተርታ ገባ፤ ከዚያ የወጣው በ2017 ነው። በመሐሉ የግጭ ነዋሪ ለዱር እንስሳቱ ሲባል ቦታውን ለቆ ወደ ደባርቅ ወርዷል። «ገብሱ ጥሩ ነበር» አለ። ከዚያ «ዋልያውም ይኑር እንጂ» አለና በቅሎዋን ነካ አደረጋት። እኔ አንዲት ቀን አጣሁ ብዬ ተክዤ ነበር። ከዚያ በኋላ አፌን ያዝኩ።

በመንገድ ላይ ለምን ከፊት እንደተደረግኩ ጠየቅኩት። ሳቀ። «ቀርፋፋው ነው ከፊት የሚሆን። ከኋላ የቀረ ሰው ልድረስ ብሎ ይሮጥና ይታመማል። ከፊት ያለ በራሱ ልክ ይሄዳል፤ ሌላው በሱ ልክ ይሄዳል።» ለካ ክብር አልነበረም። ወይም ደግሞ ክብር ማለት ይኼው ነው፤ እኔ ነኝ የሮጥኩበት።

ወደ መኪናው መንገድ ወርጄ ደባርቅ ስገባ ራስ ምታቱ ጠፍቶ ነበር። ሁለት ሙሉ እንጀራ በላሁ። እነሱ በማግሥቱ ማታ መጡ። ሌላ አንድ ሌሊት ግጭ አድረው፣ በጨነቅ በኩል በመኪና ዞረው ዋልያ አይተዋል። ፊታቸው በፀሐይ ተቃጥሏል፤ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል። ትንሹ ወዲያው እንቅልፍ ወሰደው። ትልቋ ግን አጠገቤ ተቀመጠች። ተቀይማኛለች ብዬ ፈርቼ ነበር።

«አባባ፣ ልንገርህ?» አለች። አለቱ ጫፍ ላይ በሆዷ ተኝታ ወደ ታች እንዳየች፣ ትልቅ አሞራ ከእግሯ በታች እንደበረረ፣ ተራሮቹ «እንደ ጥርስ» እንደሆኑ፣ ነፋሱ እንዴት እንደሚጮህ ነገረችኝ። ቃል ሲያጥራት በእጇ ትስላለች፤ እኔ ቃሉን አቀብላታለሁ፤ ትደግመዋለች። አገሬን ላሳያት ይዣት ሄጄ፣ እሷ ነገረችኝ። አንድ ሰዓት ሙሉ አማርኛ አወራን። እሜት ጎጎን ወጥቼ ቢሆን ኖሮ ይህን አላገኝም ነበር።

ከልጆቻችሁና ከልጅ ልጆቻችሁ ጋር ተራራ ለመውጣት የምታስቡ ወላጆችና አያቶች፣ ከኔ ስሕተት ጥቂት ውሰዱ። ደም ግፊት፣ ልብ ወይም አስም ያለበት ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር። አትቸኩሉ፤ ሳንቃበር ሁለት ሌሊት ብታድሩ ከግጭ በፊት ሰውነታችሁ ይለምዳል። ቀን ፀሐዩ፣ ሌሊት ብርዱ ስለማይቻል ባርኔጣም፣ ወፍራም ሹራብና ጋቢም ያዙ። በሶና ቆሎ ከሱቅ ብስኩት ይበልጣሉ። መጫኛ ካላት በቅሎ ሌላ አንዲት የምትቀመጥ በቅሎ ይኑራችሁ፤ የኔን ነፍስ ያወረደች እሷ ናት። አስጎብኚው የልጅ ልጃችሁን ቢያክልም እሺ በሉት። ልጆቹም ያመማችሁን ሰው እንዲያሳብቁ ፈቃድ ስጧቸው።

ከዚያ ጉዞ ወዲህ ብዙ ነገር መጣ። ኮሮና መጣ፤ ጦርነት መጣ፤ በዚያ አካባቢም ሰላም ደፈረሰ። አስጎብኚያችን በዓል በመጣ ቁጥር ይደውልልኛል። እንግዳ ጠፍቶ በቅሎዎቹ እንደተሸጡ፣ እሱም እርሻ እንደገባ ነግሮኛል። «ሰላም ሲሆን ይምጡ ጋሼ፣ እሜት ጎጎ ቀርቶብዎታል» ይለኛል። ስለዚህ አሁን ተነሡና ሂዱ አልላችሁም። መንገዱ ሰላም መሆኑ ሲረጋገጥ ግን አትዘግዩ፤ ተራራው ይጠብቃል፣ ጉልበት ግን አይጠብቅም።

የልጅ ልጄ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። ባለፈው ስትደውል «አባባ፣ አብረን እንመለሳለን» አለችኝ። «እኔ እኮ አርጅቻለሁ» አልኳት።

«ከፊት ትሆናለህ» አለች።