«ቁጭ በዪ፣ ብዪ»



የሊባኖስ ሰው ወዳጁን ሲጋብዝ ገበታውን በትንንሽ ሳህኖች ይሞላዋል። ተቀቅሎ ከተፈጨ ሽምብራና ከሰሊጥ የሚሠራው ሁሙስ፣ በእሳት ተጠብሶ የላመ ደበርጃን፣ ውሃው የተጠለለ እርጎ፣ በወይን ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ፣ ፐርሰሜሎ በደቃቁ ተከትፎ በሎሚና በዘይት የሚታሽበት ታቡሌ፣ ከሥጋና ከተከካ ስንዴ ተድቦልቡሎ የሚጠበሰው ኪቤ፣ ሁሉም በየተራ ይመጣል። ይህ አቀራረብ መዜ ይባላል። «ይህ የእኔ ብቻ ነው» የሚባል ሳህን የለም። ሁሉም ከስሱ ቂጣ እየቆረሰ እጁን ወደ መካከል ይዘረጋል። አንዱ ሳህን ጎደል ሲል ሌላው ይተካል፤ ጨዋታውም ለሰዓታት ይቀጥላል። በአንድ ትሪ ዙሪያ ተቀምጠን ላደግን ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

ነገር ግን በብዙ ቤት ይህን ገበታ ያዘጋጀችው እህት ከገበታው አትቀመጥም። በሊባኖስ በሰው ቤት የሚሠሩ ብዙ እህቶች አሉን። በ1946 የወጣው የአገሪቱ የሠራተኛ ሕግ የቤት ሠራተኞችን ከጥበቃው ውጭ አድርጓቸዋል። የመኖሪያ ፈቃዳቸውም ከፋላ በሚባለው አሠራር ከአሠሪያቸው ጋር የተሳሰረ ነው። እንደ ልጅ የሚይዙ፣ እግዚአብሔርን የሚፈሩ ቤተሰቦች አሉ፤ ይህን መካድ ግፍ ይሆናል። ሆኖም ሰው ሁሉ በልቶ ከተነሣ በኋላ ወጥ ቤት ቆማ የተረፈውን የምትበላው ብዙ ናት።

ቤይሩት በነበርኩበት ጊዜ፣ ከኅብረታችን አንዲት እህት ኮንትራቷን ጨርሳ ወደ አገር ቤት ልትመለስ ሆነ። እሑድ ከአምልኮ በኋላ አምስት ሆነን ገንዘብ አዋጣንና ለስንብት አንድ ትንሽ ምግብ ቤት ወሰድናት። የቤተሰብ ቤት ነው። አባት ከሰሉ ዘንድ ሥጋ ይጠብሳሉ፣ እናት ወጥ ቤት ናቸው፣ ልጃቸው ያስተናግዳል። እህታችን የእያንዳንዱን ሳህን ሙያ ታውቃለች፤ ሎሚው ስንት እንደሆነ ቀምሳ ትናገራለች። ግን ወንበሩ ጫፍ ላይ ነው የተቀመጠችው። ሳህን ባዶ በሆነ ቁጥር ብድግ ብላ ትሰበስባለች። እኛ «ኧረ ተይ» ብንላትም እጇ እምቢ አለ።

በመጨረሻ እናትየው ከወጥ ቤት ወጡ። የደራረበቻቸውን ሳህኖች ከእጇ ተቀበሏትና በአረብኛ «ቁጭ በዪ፣ ብዪ» አሏት። ከዚያም ትኩስ ኪቤ አምጥተው ፊቷ አኖሩ። እህታችን አንዱን በልታ ትንሽ ዝም አለችና፣ «ስድስት ዓመት ሙሉ ኪቤ ስጠብስ ኖሬ፣ ትኩሱን ስበላ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው» አለች። ከመካከላችን የሚመልስላት አልነበረም።

ወገኖቼ፣ ጌታችን ኢየሱስ በዚያ ምድር ተመላልሷል። ጢሮስና ሲዶና ዛሬ በሊባኖስ ውስጥ ያሉ ከተሞች ናቸው። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 እንደምናነበው፣ በጢሮስ አገር አንዲት የባዕድ ወገን እናት ስለ ልጇ ልትለምነው መጣች። ለልጆች የተዘጋጀው እንጀራ ለእርሷ እንደማይገባ ስትሰማ፣ ከማዕድ በታች የሚወድቀው ፍርፋሪ እንኳ ይበቃኛል አለች። ጌታ ግን በፍርፋሪ አላሰናበታትም። ቤቷ ስትደርስ ልጇን ድና አገኘቻት። ፍርፋሪ የለመነችው ሴት የልጆችን እንጀራ ተቀበለች።

ሐዋርያው ጳውሎስም በ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 11 ምእመናንን የገሠጸው ስለ ምግቡ ጣዕም አልነበረም። አንዱ ቀድሞ በልቶ ሲጠግብ ሌላው ተርቦ ስለሚቀር ነው። እርስ በርሳችሁ ተጠባበቁ አላቸው። በጌታ ማዕድ የሚቀርብ ሰው፣ አብሮት ያልተቀመጠውን ወንድም ወይም እህት ማየት አለበት።

እንግዲህ ጥያቄው ወደ ቤታችን ይመጣል። በዓረብ አገር ስላሉ እህቶቻችን በጸሎት እናለቅሳለን፤ ደግሞም ይገባል። ታዲያ እኛው ሳሎን ተቀምጠን እንዲህ ስንጸልይ፣ ከገጠር መጥታ ቡናችንን የምታፈላው፣ ወጣችንን የምትሠራው ልጅ የት ናት? ምሳዋን ከማን ጋር ትበላለች? ትኩሱን ነው ወይስ የተረፈውን? ለምግቡ ስናመሰግን ስሟ ይጠራል?

በዚህ ሳምንት አንድ ነገር እናድርግ። ወጡ ሲወጣ እጃችንን ሳንዘረጋ እንጠብቃት፤ ቦታ እንልቀቅላት። እንደ ልማዷ ልትነሣ ስትል ሳህኑን ከእጇ እንቀበላት። ደግሞም እንወቅ፤ አብሮ መብላት ደመወዝን በጊዜው መክፈልን፣ የዕረፍት ቀንን፣ የመማር ዕድልን አይተካም። ማዕድ የፍቅር መጀመሪያ ነው፤ ፍትሕ ደግሞ የፍቅር ፍሬ ነው።

አንተ ወንድሜ፣ አንቺም እህቴ፣ «እኔ ለተረፈው ነው የተፈጠርኩት» ብላችሁ ከእግዚአብሔር ገበታ ርቃችሁ የቆማችሁ ካላችሁ፣ ይህን ስሙ። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 13፣ ከእራት ተነሥቶ የሌሎችን እግር ያጠበው ጌታ ራሱ ነው። እርሱ ለማገልገል የተነሣው እናንተ እንድትቀመጡ ነው። ቦታችሁ ተዘጋጅቷል፤ ቅረቡ።

ጸሎት፦ ጌታ ኢየሱስ ሆይ፣ ባይገባንም በገበታህ ስላስቀመጥኸን እናመሰግንሃለን። በሰው አገር በሰው ወጥ ቤት ያሉትን እህቶቻችንን ጠብቅልን፤ በሰላምም ለቤታቸው አብቃልን። በእኛም ቤት ቆማ የቀረችውን የምናይበት ዓይን ስጠን። አሜን።