ምን እግር ጣላችሁ?

ጋና ለኛ ሩቅም ቅርብም አገር ነች። እ.ኤ.አ. በ1957 ነፃ ስትወጣ የኛኑ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ይዛ በመሀሉ ጥቁር ኮከብ አኖረችበት። ክዋሜ ንክሩማም እ.ኤ.አ. በ1963 አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ ስለ አፍሪካ አንድነት ተናግሯል። ይህን ሁሉ እንደ ዳዊት ደግሜ፣ ባለፈው ክረምት ከአራት ጓደኞቼ ጋር ለበጎ ፈቃድ ሥራ አክራ ገባሁ። ታዲያ አገርን በመጽሐፍ ማወቅና በእግር መርገጥ ለየቅል ነውና፣ ከአውሮፕላኑ ስወርድ የተቀበለኝ ንክሩማ ሳይሆን ወበቁ ነው!

ከከተማ ያወጣን «ትሮትሮ» የሚሉት ሚኒባስ ነው። ረዳቱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ መድረሻውን ሲጠራ፣ ቋንቋው ይለይ እንጂ የመርካቶ ወያላ ቁርጥ! ወንበሩ ሳይሞላ ንቅንቅ የለም። ከሰዓታት በኋላ ደኑ መጣ፤ ካካዎው መጣ። ፍሬው እንደኛ ቡና በየደጁ ተሰጥቷል። ካካዎን ለዚያ አገር እ.ኤ.አ. በ1879 ያመጣው ቴቴ ኳርሺ የሚባል ሰው ነው ይላሉ፤ ከፈርናንዶ ፖ ደሴት። እሱስ ፍሬ ይዞ ገባ። እኛስ?

ጥያቄው የኔ ብቻ አልነበረም። መንደሩ እንደደረስን ወደ አለቃው ግቢ ወሰዱን። ከቀኝ ጀምረን በቀኝ እጃችን ሁሉን ጨበጥን፤ ተቀመጥን፤ ውሃ ቀረበልን። አለቃው እንግዳን በቀጥታ አያናግሩም። በትር የያዘ ቃል አቀባይ አላቸው፤ «ኦክያሜ» ይሉታል፤ የኛ አፈ ንጉሥ እንደማለት ነው። እሱም ውሃውን እስክንጠጣ ጠብቆ፣

«እኛ ዘንድ ሰላም ነው። መንገደኞቹ እናንተ ናችሁ። ጉዳያችሁ ምንድነው?» አለን።

በኛ ቤት እንግዳን አረፍ ሳይል ጉዳዩን መጠየቅ ነውር ነው። ቢበዛ «ምን እግር ጣለህ?» ብለን እናልፋለን። እዚያ ግን ውሃውም ጥያቄውም የአቀባበሉ ደንብ ነው። ሁሉም ዝም ብሎ አየን።

«ለትምህርት ቤቱ የመጻሕፍት ክፍል ልንሠራ ነው» አለ ታላቃችን።

«ከመሀላችሁ ግንበኛ አለ?»

የታሪክ ተማሪ፣ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ፣ የፍልስፍና ተማሪ... ተያየን። ማንም አልሳቀብንም። ሽማግሌዎቹ ተመካከሩና ኦክያሜው ፍርዱን አሰማ፦

«እንግዲያው ግንበኛው የኛ ይሁን። እናንተ ብሎኬት ታቀብላላችሁ። ማታ ማታ ለልጆቹ ታነባላችሁ።»

በቃ፣ ተዋዋልን። ስድስት ሳምንት ሙሉ ያደረግነውም ይህንኑ ነው።

እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ የነሳኝ የአገሬ ነገር ነው። ከኛ በፊት የነበሩ ተማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ በዩኒቨርሲቲ አገልግሎት፣ በ1967 ዓ.ም. ደግሞ በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ገጠር ወርደዋል። ፊደል ያስቆጠሩ፣ ጉድጓድ የቆፈሩ፣ ሕይወታቸውንም የሰጡ አሉ፤ ላቃልለው አልችልም። ሆኖም ያስተማሩት ገበሬ አስቀምጦ፣ ውሃ አጠጥቶ፣ «ጉዳይህ ምንድነው? የምትችለውስ?» ብሎ የመጠየቅ፣ መልሱንም ሰምቶ የመወሰን ሥልጣን ነበረው ወይ? ወይስ ጉዳዩ አዲስ አበባ አልቆ፣ ታትሞና ታትቶ ደረሰው?

ወንድሞቼ፣ እኅቶቼ! መጪው ክረምት ለበጎ ሥራ ወደ ገጠር የምትወርዱ ሁሉ፣ ማንም ባይጠይቃችሁ እንኳ ጉዳያችሁን ተናግራችሁ ተቀመጡ። ባለቤቱ አዳምጦ «ይህን ተው፣ ያንን ያዝ» ይበላችሁ። ያኔ እንግድነቱ ያበቃል፤ ሥራው ይጀመራል።