የዐቂቃው ጋሪ ሳሎን ቀረ



ይህን የምንጽፈው ሁለታችን ነን፤ ዲላ የምንኖር ባልና ሚስት። የመጀመሪያ ልጃችን አሁን ዓመት ሊሞላት ነው፣ አልሐምዱሊላህ። ሰሞኑን ጓደኞቻችን ተራ በተራ እየወለዱ «ጋሪ የትኛውን እንግዛ? ካር ሲት ያስፈልጋል ወይ?» እያሉ ይጠይቁናል። ለእያንዳንዱ ከምንመልስ አንዴ እንጻፈው ብለን ተቀመጥን። ረዘም ይላልና ታገሡን።

ነገሩ የጀመረው በዐቂቃዋ ቀን ነው። ጓደኞቻችን ገንዘብ አዋጥተው የልጅ ጋሪ ሊገዙልን ወሰኑና «የትኛውን ትፈልጋላችሁ?» አሉን። እኛ ደግሞ መልሱን በስልካችን ላይ ካየን ቆይተናል። ትልቅ፣ ጥቁር፣ ጣሪያ ያለው፣ እጀታው ቆዳ የሚመስል። እውነቱን እንናገር ካልን፣ በሐሳባችን ያየነው ልጅቷን ሳይሆን ፎቶውን ነበር።

ሻጩ ሐዋሳ ነበር፤ በስልክ ተነጋገርን። ዕቃው ሦስት ነገር አንድ ላይ ያለው ነው አለን፤ ጋሪው፣ የሚያስተኛው አልጋ፣ ደግሞ ከጋሪው ላይ ተነቅሎ መኪና ውስጥ የሚታሰር መቀመጫ። ዋጋው ከተዋጣው ገንዘብ በለጠ። «አንዱን ብናስቀረውስ?» አልነው። «የመኪናውን መቀመጫ መተው ትችላላችሁ» አለ። ሁለታችንም ሳናመነታ እሺ አልን። መኪና የለንማ! ለሌለን መኪና መቀመጫ ምን ያደርጋል?

ይቺን ውሳኔ ያዙልን፤ እንመለስባታለን።

ጋሪው መጣ። ቤታችን ከአስፓልቱ ወረድ ብሎ ነው። መጀመሪያ ኮብልስቶን፣ ቀጥሎ ክዳኑ የተሰበረ የውኃ መውረጃ፣ ከዚያ ዝናብ በጣለ ቁጥር ጭቃ የሚሆን ቀይ አፈር። የኛን አገር ዝናብ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ በልግም አለ፣ ክረምትም አለ። ኮብልስቶኑ ላይ ስንገፋው ትንንሾቹ ጎማዎች እየተንቀጠቀጡ የልጅቷ ጉንጭ ሲርገበገብ ይታያል። ተኝታ ከሆነ ትነቃለች፣ ነቅታ ከሆነ ታለቅሳለች። ባጃጅ ውስጥ ልናስገባው ሞከርን፤ ተጣጥፎም ቢሆን እሱ ሲገባ አንዳችን መውረድ ነበረብን። በድምሩ ከቤት የወጣው አራት ጊዜ ነው። አንዱ ለፎቶ ነው።

እናታችን (የሚስት እናት ናቸው) ጋሪውን መጀመሪያ ያዩት ቀን ዞር ዞር ብለው አዩትና «ልጆቼ፣ ጋሪ እኮ ለቡና ጆንያ ነው። የልጅ ቦታ ጀርባ ነው» አሉ። እኛ ሳቅን። ቀጠሉና ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የልጃቸውን ልጅ ኡማማን ሶላት ላይ እንኳ ተሸክመው እንደነበር አስታወሱን። ከዚያ ማዘያቸውን አውጥተው ልጅቷን አዝለው ወደ ጎረቤት ሄዱ። ጭቃውንም ቦዩንም አልፈው።

ለነገሩ ዙሪያችንን ብናይ መልሱ እዚያው ነበር። የጌዴኦ ሰው የሚኖረው ቁልቁለት ላይ ነው፤ እንሰቱ፣ ቡናው፣ ዛፉ፣ ቤቱ ሁሉም ተዳፋት ላይ። ይህ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። በዚያ ውስጥ ልጆች የሚያድጉት ታዝለው ነው። ጎማ ያለው ነገር የማይደርስበት ቦታ እናት ትደርሳለች።

አንድ ነገር ስናነብ ደግሞ ገረመን። በ1960ዎቹ (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) አን ሙር የምትባል አሜሪካዊት ነርስ ቶጎ ውስጥ በፒስ ኮር ስታገለግል እናቶች ልጆቻቸውን በጨርቅ አዝለው ሲሄዱ አየች። አገሯ ተመልሳ ስትወልድ የራሷን ልጅ እንደዚያ ለመያዝ ፈለገች፤ ከእናቷ ጋር ሆነው የሰፉት «ስናግሊ» የሚባለው ማዘያ ኋላ በአሜሪካ በብዛት ተሸጠ። ዛሬ ሱቅ ውስጥ በውድ የምናየው የልጅ መያዣ ከአፍሪካ እናት ጀርባ የተቀዳ ነው። እኛ ደግሞ እናታችንን እያሳቅንባቸው የነሱን ጋሪ ገዛን!

ማዘልም ሥርዓት አለው ታዲያ። ገና አንገቷን ያልቻለች ልጅ ከፊት፣ ፊቷ እየታየ ብትያዝ ይሻላል። አፍንጫዋን ጨርቅ እንዳይሸፍነው፣ አገጯ ደረቷ ላይ እንዳይጣበቅ ማየት ነው። እግሮቿ ተከፍተው፣ ጉልበቷ ከቂጧ ከፍ ብሎ ቢሆን ለዳሌዋ መጋጠሚያ ጥሩ ነው። ሁለት እግሯን አጥብቆ ቀጥ አድርጎ መጠቅለል ግን ለዳሌዋ አይበጅም፤ ይህንን እናታችንም አያውቁትም ነበር፣ ሲሰሙ ግን ተቀበሉ።

ጋሪ ጨርሶ አትግዙ እያልን አይደለም። ቤታችሁ አስፓልት ዳር ከሆነ፣ መንታ ካላችሁ፣ እናት በኦፕሬሽን ወልዳ ወይም ወገቧን አሟት ማዘል ካልቻለች ጋሪ ትልቅ እረፍት ነው። እንዲያ ከሆነ ጎማው ትልቅ የሆነውን ፈልጉ። ልጁ ራሱን ችሎ እስኪቀመጥ፣ ማለትም እስከ ስድስት ወር አካባቢ፣ ጋሪው ጠፍጣፋ ሆኖ ማስተኛት የሚችል ይሁን። ያ እንደ ጃንጥላ የሚታጠፈው ቀላሉ ዓይነት (የአውሮፕላን መሐንዲስ የነበረው እንግሊዛዊው ኦወን ማክላረን በ1965 እ.ኤ.አ. የሠራው) ለትልልቆቹ እንጂ ለአራስ አይሆንም። ፍሬኑን ቁልቁለት ላይ ሞክሩት፤ ዲላ ውስጥ ቁልቁለት አይጠፋም። ፀሐይ ሲሆን ደግሞ በነጠላም ሆነ በብርድ ልብስ አትሸፍኑት፣ ውስጡ ቶሎ ይግላል።

አሁን ወደዚያች ውሳኔ እንመለስ።

ልጅቷ አራት ወር ሲሞላት ሐዋሳ ቀጠሮ ነበራት። ከዲላ ሐዋሳ ወደ 90 ኪሎ ሜትር ነው። ከመናኸሪያ ሚኒባስ ያዝን፣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጥን። ልጅቷ እናቷ እቅፍ ውስጥ ተኝታለች። አፖስቶን አለፍ እንዳልን ከብቶች ድንገት አስፓልቱን ማቋረጥ ጀመሩ፤ ሹፌሩ ፍሬን ያዘ። ግጭት አልነበረም። መኪናው እንኳ ከመስመሩ አልወጣም። ልጅቷ ግን ከእቅፍ ወጣች። ግንባሯ ከፊታችን ያለውን ወንበር ጀርባ መታ፣ ወደ ታች ስትወርድ አባቷ በአንድ እጁ ልብሷን ያዘ።

ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ አለቀሰች። የልጅ ልቅሶ እንደዚያ ደስ ብሎን አያውቅም።

ሐዋሳ ሐኪሙ አይቷት ምንም አልሆነችም፣ እብጠቱ ይጠፋል አለን። ጠፋም። ከእኛ ቤት ያልጠፋው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። እናቷ ያን ሌሊት ደጋግማ «አጥብቄ ይዣት ነበር እኮ» ትል ነበር። አጥብቃ ይዛት ነበር። ጥፋቱ የሷ አልነበረም፤ ማንም ክንድ አይችለውም። ሒሳቡን ኋላ ሠራነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ተጋጭቶ በሰከንድ አንድ አሥረኛ ውስጥ ቢቆም፣ 6 ኪሎ የምትመዝን ልጅ ክንድ ላይ ከ80 ኪሎ በላይ ትሆናለች። ኤክስፖርት የሚደረግ ቡና ጆንያው 60 ኪሎ ነው። ከዚያ የሚበልጥ ነገር ድንገት ሲወረወር በክንዱ የሚያስቆም ሰው እስኪ ዲላ ገበያ ውስጥ ፈልጉ።

የዓለም ጤና ድርጅት የልጆች የመኪና መቀመጫ ሞትን በ60 በመቶ ያህል ሊቀንስ እንደሚችል ይናገራል። በዓለም ላይ ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉትን በመግደል የመጀመሪያው የመኪና አደጋ መሆኑንም እንዲሁ። ይህን ለአንድ አጎታችን ስንነግራቸው «አላህ ይጠብቃታል፣ አታካብዱ» አሉን። አላህ ይጠብቃታል፤ እኛም እንላለን። ግን ግመሉን ሳያስር መወከል ስለፈለገው ሰውዬ በልጅነታችን መድረሳ ያልተማርን ማን ነን?

እንግዲህ መቀመጫውን መፈለግ ጀመርን። ያኔ ለቀነስነው ዕቃ አሁን ልንከፍል ስንል ዋጋው የሁለት ወር ደሞዝ ሆኖ ጠበቀን። በመጨረሻ ጂዳ ያለች የባል እህት የልጇን ላከችልን፤ ከተወለደ እስከ 18 ኪሎ የሚያገለግል። ያገለገለ ዕቃ ስንቀበል የጠየቅናት የመጀመሪያ ጥያቄ «አደጋ ደርሶበት ያውቃል?» የሚል ነበር። ግጭት ውስጥ የነበረ መቀመጫ ከላይ ደህና መስሎ ውስጡ የተሰነጠቀ ሊሆን ይችላል፤ ታሪኩን ከማታውቁት ሰው አትግዙ የምንለው ለዚህ ነው። ጀርባው ላይ የተሠራበት ዓመት ተጽፏል፣ እሱን እዩ። ብርቱካንማ ምልክት ላይ ክብ ውስጥ ያለ «ኢ» የሚል የላቲን ፊደል፣ ከሱም ጋር 44/04 ወይም 129 የሚል ቁጥር ፈልጉ፤ የአውሮፓን የደህንነት ፈተና ያለፈ ነው ማለት ነው።

ሌላው፣ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት፣ አሳሰሩ ነው። አዳዲሶቹ መቀመጫዎች መኪናው ውስጥ ካለ ብረት ጋር የሚገጣጠሙ ናቸው፤ «አይሶፊክስ» ይሉታል። እኛ አገር የሚበዛው አሮጌ ኮሮላ ላይ ያ ብረት የለም። ስለዚህ በመኪናው በራሱ ቀበቶ፣ በትከሻም በወገብም በሚያልፈው፣ የሚታሰረውን ዓይነት ምረጡ። አለበለዚያ እንደ ጋሪያችን የሳሎን ዕቃ ይሆናል።

ልጁ ፊቱን ወደ ኋላ አድርጎ ነው የሚቀመጠው። የሕፃን ጭንቅላት ከሰውነቱ አንጻር ከባድ ነው፣ አንገቱ ደካማ ነው፤ መኪናው ሲቆም ጀርባውንም ጭንቅላቱንም መቀመጫው ይደግፈዋል። 129 የሚለው ደንብ ቢያንስ እስከ 15 ወር እንዲህ እንዲሆን ያዛል፤ የኛም ልጅ ዓመት ሊሞላት ቢሆንም ገና ወደ ኋላ እያየች ነው። ጋቢና ላይ ኤርባግ ካለ ደግሞ እንዲህ ያለ መቀመጫ በፍጹም እዚያ አይቀመጥም፤ ኤርባጉ ሲፈነዳ ልጁን ራሱን ይመታል። ቀበቶውን ካሰራችሁ በኋላ ትከሻው ላይ በሁለት ጣት ለመቆንጠጥ ሞክሩ፤ ትርፍ ከተያዘ ላልቷል። ወደ ቡሌ ስትወጡ ብርድ ነውና ወፍራም ጃኬት ማልበስ ያምራችኋል፤ ጃኬቱን አውልቃችሁ እሰሩ፣ ከላይ ብርድ ልብስ ጣሉበት። ስትደርሱ ደግሞ ተኝታለች ብላችሁ እዚያው አትተዉአት፣ አውጥታችሁ ጠፍጣፋ ቦታ አስተኟት።

«መኪና የሌለውስ?» ትሉናላችሁ። እኛም የለንም። ሚኒባሶቹ ከኋላ አብዛኞቹ ቀበቶ የላቸውም፤ መቀመጫውን ይዘህ ብትገባም የምታስርበት የለም። ባጃጅ ላይ ምንም መፍትሔ አላገኘንም፤ ቅርብ መንገድ ነው፣ ቀስ በል እንለዋለን፣ በቃ። ሚኒባስ ግድ ሲሆን ጋቢና አንቀመጥም፣ አዝለንም አንቀመጥም፤ አንዱን ቀበቶም እናትና ልጅ ላይ አንድ ላይ አናስርም፣ በግጭት ጊዜ የእናት ክብደት ልጅን ይጨፈልቃልና። ይህ ሁሉ ግን ደህና ነው ማለት አይደለም፤ ስለሌለ የሚደረግ ነው። ለረጅም መንገድ ጉዟችንን ቀነስን፤ ስንሄድም ከሌላ ቤተሰብ ጋር ገንዘብ አዋጥተን ኮንትራት መኪና እንይዛለን። ሹፌሩን መጀመሪያ የምንጠይቀው «ከኋላ ቀበቶ አለው?» ነው። የለም ይላል። ሄደን ስናይ አለ፤ የወንበር ልብስ ሲለበስ ከሥር ተቀብሮ ነው።

አንድ የከበደን ነገር ቀርቷል። ጋሪውን የገዙልንን ጓደኞቻችንን ምን እንበላቸው? ለወራት ዝም አልን፤ ሲመጡ ከጓዳ አውጥተን ሳሎን እናቆመው ነበር። አንድ ቀን አንዱ ሳይደውል መጣና ጋሪው ላይ የታጠበ ልብስ ተከምሮ አየ። አፈርን። ከዚያ ሁሉንም ነገርነው፤ የቀነስነውን መቀመጫ፣ አፖስቶን፣ ጂዳን። ሲስቅ ቆየና «የኛ ሚስት እኮ ሰባተኛ ወሯ ነው» አለ። ለነሱ ዐቂቃ የተዋጣው ለመኪና መቀመጫ ሆነ። ጋሪውን ደግሞ አስፓልት ዳር ላሉ መንታ ለወለዱ ጎረቤቶቹ ሰጠናቸው፤ በየማታው ሲገፉት እናያለን።

የኛ መቀመጫ አሁን በሦስት ቤት መካከል ይዞራል። የተማመንን ስለሆንን የደረሰበትን ሁሉ እናውቃለን፤ ቀበቶውን በየልጁ ቁመት ማስተካከል ብቻ ነው። ሰኞ የኛ ተራ ነው፣ ሐዋሳ ክትባት ሳይሆን ዘመድ ጥየቃ። መቀመጫው ዛሬ ከመግሪብ በኋላ ይመጣልናል። ሹፌሩንም ቀበቶውን ከወንበሩ ልብስ ሥር ከወዲሁ እንዲያወጣው ደውለን ነግረነዋል።