ያልታየ ሁሉ ክልክል ነውን?

እኛ የሀብሩ ልጆች ኳስ የምንጫወተው በእግራችን ብቻ አይደለም፤ በአንደበታችንም ጭምር ነው። ወልድያ በ2009 ዓ.ም. ትልቅ ስታዲየም ተመርቆላታል፤ የታዳጊዎቹ ሙግት ግን ዛሬም የሚካሄደው በየሰፈሩ ሜዳ ላይ ነው።

ባለፈው ክረምት ለዕረፍት መርሳ ገብቼ ሳለ፥ የመርሳና የወልድያ ታዳጊዎች ሲጋጠሙ ከመሥመሩ ዳር ቆሜ እመለከት ነበር። ለመርሳዎቹ ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠ። መቺው፥ ዐሥራ ሦስት ዓመት ቢሞላው ነው፥ ኳሷን ወደ ግብ በመለጋት ፈንታ ወደ ፊት ትንሽ ነካ አደረጋት። ከክልሉ ውጭ ቆሞ የነበረው ጓደኛው ሮጦ ደርሶ አገባት። «ማጭበርበር ነው!» ብለው ወልድያዎች ጮኹ። ዳኛውም ግቡን ሻረ።

«ጋሼ፥ ክልክል ነው የሚለው የት ነው?» አለ ልጁ።

«እንዲህ ያለ ነገር ከተወለድኩ አይቼ አላውቅም! በል ሂድ!»

ልጁ አላለቀሰም። ከዚያ በኋላ ግን ኳስ በደረሰው ቁጥር ቶሎ ለሌላ እየሰጠ ጨዋታው አለቀ።

እስቲ ሕጉን እንመልከት። 14ኛው የእግር ኳስ ሕግ ኳሷ ወደ ፊት ትመታ ይላል እንጂ የግድ ወደ ግብ ትመታ አይልም። መቺው፥ ሌላ ተጫዋች ሳይነካት ደግሞ አይነካትም። ጓደኞቹም ኳሷ እስክትመታ ድረስ ከክልሉ ውጭ፥ ከምቱ ነጥብ በስተኋላ 9.15 ሜትር ርቀው ይቆማሉ። ይህ ከተጠበቀ ግቡ ግብ ነው። ዮሐን ክራይፍ እ.ኤ.አ. በ1982 ለአያክስ ሲጫወት ከየስፐር ኦልሰን ጋር ተቀባብሎ አግብቷል፤ በ2016 ሜሲ ለስዋሬዝ አቀብሎ ስዋሬዝ አግብቷል። ሕጉ የሚከለክለውንም ለይቶ ያስቀምጣል፦ መቺ እየሮጠ ቢያታልል ተፈቅዶለታል፤ ሩጫውን ከጨረሰ በኋላ ቢያታልል ግን ይቀጣል።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ልጆች ተንኮል መማር የለባቸውም» ይላሉ። ተንኮል ሕግን መጣስ ነው፤ ይህ ልጅ ግን ሕጉን ከዳኛው አብልጦ ዐውቋል። በላ ልበልሃ እየተባባለ ሲሟገት የኖረ ሕዝብ ልጆች ነንና፥ «ክልክል ነው» የሚል ሰው ማስረዳት እንዳለበት አይጠፋንም።

እንግዲህ ዳኛ ራሱን መጠየቅ ያለበት «አይቼ ዐውቃለሁን?» ብሎ ሳይሆን «የትኛው ሕግ ከለከለው?» ብሎ ነው። ከተጠራጠረም ጨዋታውን ሳያስቀጥል የመሥመር ዳኛውን ያማክር፤ ፍርዱን ማረም የሚችለው እስከዚያ ድረስ ብቻ ነውና። ከዚያ ሁለቱን አምበሎች ጠርቶ በአጭር ቃል ያስረዳቸው። አሠልጣኙም ልጆቹ ያልተለመደ ብልሃት ካዘጋጁ፥ ከጨዋታው በፊት ለዳኛው ሹክ ቢለው ብዙ ጠብ ይቀራል።

ሕግ ባልከለከለው ነገር የተፈረደበት ልጅ፥ ነገ በክፍል ውስጥም እጁን ለማውጣት ያመነታል። ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ በመጪው ዕረፍት በየሰፈራችን «ዳኝልን» የምንባል ብዙዎች ነን። ፊሽካውን ከመቀበላችን በፊት ሕጉን አንድ ጊዜ እናንብበው።