ከኮምፒዩተር ትምህርት ልጆቻችን ምን ይዘው ይመለሱ?



እኛ ኡካ የምንኖር፣ ቡና ገዝተን የምንሸጥ ባልና ሚስት ነን። ከልጆቻችን አንዱ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ኢንፎርሜሽን ሲስተምስ ይማራል። ጎረቤት «ልጃችሁ ምን ይማራል?» ሲለን «ኮምፒዩተር» ብለን እናልፋለን። ከዚያ በላይ ብንጠየቅ መልስ አልነበረንም። ልጁ ለዕረፍት ሲመጣ ስልክ የተበላሸበት ሁሉ ይዞ ይመጣል፤ እኛም ትምህርቱ እርሱ ይመስለን ነበር።

በክረምት እጁ ያጠረው ገበሬ ከእኛ ብድር ይወስዳል። ኅዳር ላይ ቡናው ሲደርስ ይመልሳል፤ ወለድ ሐራም ነውና ጭማሪ የለውም። ይህ ሁሉ ለዓመታት የተጻፈው በአንድ ትልቅ ደብተር ላይ ነው። ልጃችን በክረምቱ ዕረፍት ደብተሩን በሦስት ቀን ወደ ኮምፒዩተር ገለበጠልን። ስም ሲጻፍ ዕዳው ብቅ ይላል፤ ደስታችን ወሰን አልነበረውም።

ኅዳር ላይ አንድ አዛውንት ጀንፈል ቡና ይዘው መጡ። እርሳቸው የሚያውቁት ዕዳ 3,000 ብር ነው፤ ኮምፒዩተሩ ግን 7,500 አለ። «ልጆቼ፣ ይህን አልወሰድኩም» አሉ። እኛም «ረስተው ይሆናል፤ ማሽን አይሳሳትም» አልናቸው። አላህ ይማረን! ሰው ቆሞ እየሰማ ነው። ሌላ ቃል ሳይጨምሩ «ከቡናዬ ላይ ቀንሱ» ብለው ሄዱ። ከገንዘቡ ይልቅ ዕዳ የካደ ሰው መምሰላቸው እንደከበዳቸው ፊታቸው ይናገር ነበር።

እንቅልፍ አልወሰደንም። ከዒሻ በኋላ አሮጌውን ደብተር ገለጥነው። ስማቸውም የአባታቸውም ስም አንድ የሆነ ሁለት ሰዎች አሉ። በአንደኛው ስም አጠገብ «ከወንዙ ማዶ»፣ በሌላው አጠገብ «ወፍጮው ጋ» ተብሎ ተጽፏል። ልጃችን ይህን ትርፍ ወሬ መስሎት ትቶታል፤ ማሽኑም ሁለቱን አንድ ሰው አድርጎ ዕዳቸውን ደመረ።

ስልክ ደወልንለት። ዝም አለ። ለካ ይህን ነገር በክፍል ተምሮታል! መዝገብ የሚጀመረው ለእያንዳንዱ ሰው ከማንም ጋር የማይጋራው መለያ ቁጥር በመስጠት ነው አለን። ተፈትኖበት ጥሩ ውጤትም አግኝቷል። ከአባቱ ደብተር ጋር ግን አላገናኘውም። ሙሐመድ አሕመድና አሕመድ ሙሐመድ በሞላበት አገር ሰውን በስም ብቻ መለየት እንደማይቻል ከልጅነቱ ያውቃል፤ ኮምፒዩተሩ ፊት ሲቀመጥ ግን የሚያውቀውን ረሳ። መንግሥት ራሱ በ2015 ዓ.ም. የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ አውጥቶ ፋይዳ በሚባለው መታወቂያ ለየሰዉ የየራሱን ቁጥር የሚሰጠው ለዚሁ አይደለም?

ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ የሱረቱል በቀራህ 282ኛው አንቀጽ ነው። የሚናገረውም ዕዳ ስለ መጻፍ ነው። ጸሐፊው በፍትሕ እንዲጽፍ፣ ምስክር እንዲኖር፣ ደግሞም ቃሉን ዕዳ ያለበት ሰው ራሱ እንዲያስጽፍ ያዛል። ይህን አንቀጽ ስንት ጊዜ ቀርተነዋል! እኛ ግን ባለዕዳው እያለ ማሽኑን አስተናገርን። ኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጣብም (ረ.ዐ.) ዲዋን የተባለውን የመንግሥት መዝገብ ባቋቋሙ ጊዜ ሰዎቹ የተጻፉት በየነገዳቸውና በየዝምድናቸው ነበር። ማን ማን እንደሆነ ሳይታወቅ ድርሻ አይታደልምና።

እናንተ በዚህ ሙያ ያላችሁ ወጣቶች፣ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተና እንደሚፈተንና 50 ከመቶ ካላመጣ ዲግሪ እንደማያገኝ እናንተው ታውቃላችሁ። አጥኑ፤ እለፉም። ነገር ግን ለመስጊዳችሁ የዘካ ኮሚቴ መዝገብ ከመሥራታችሁ በፊት ገንዘብ ያዡ አጠገብ ጥቂት ቀን ተቀመጡ። ማን ለምን እንደሚጻፍ፣ የትኛው ስም ለማንም መታየት እንደሌለበት ጠይቁ። ዘካ የሚቀበል ድኻ ስሙ በየስልኩ እንዲዞር አይወድም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አሁን በሕግም ያስገድዳችኋል።

በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ ብልሽት ደርሶ ሰዎች በአንድ ሌሊት የሌላቸውን ገንዘብ ማውጣታቸው አይረሳም። ባንኩ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ መውጣቱን ገልጾ ነበር፤ ከወሰዱት ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ወሩ ደግሞ ረመዳን! ልባችን እየመታ ልጃችንን «አንተስ?» ብንለው «ተኝቼ ነበር» አለን። (እንቅልፍም አንዳንዴ ከሐራም ይጠብቃል።) ነቅቶ ቢሆንስ? ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ አልጠየቅነውም፤ መልሱንም በየትኛውም የትምህርት ክፍል ማስረጃ ላይ አናገኘውም።

ልጃችን ቅዳሜ መጣ። ሦስታችንም ወንዙን ተሻግረን አዛውንቱ ቤት ሄድን። የተቀነሰባቸውን 4,500 ብር መለስን፤ ጥፋታችንንም ያን ቀን ቆመው በሰሙት ሰዎች ፊት ተናገርን። ልጁ ጉልበታቸውን ስሞ «አፉ በሉኝ» አላቸው። ዱዓ አደረጉልን፤ ቡናም ተፈላ። ልጁ እዚያው ኮምፒዩተሩን ከፍቶ ለእርሳቸው ለብቻ ቁጥር ሰጠና መዝገባቸውን በኦሮምኛ አነበበላቸው። እርሳቸውም እያንዳንዱን ብድር መቼና ለምን እንደወሰዱ እየነገሩት አረመ።

ቁጥራቸው 41 ነው። ሁለት ጊዜ ደጋግመው በቃላቸው ያዙት። ከዚያም «ከወንዙ ማዶ የሚለውንም ጻፈው» አሉት።