ቮልሷን ያፈቀርኳት ሳላውቃት ነበር

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንድ ፍቅር ነው። “ደሞ ስለ ፍቅር!” ብላችሁ ገጹን እንዳትገልጡት። ያፈቀርኳት ሁለት በር፣ አራት ጎማና አንድ ነጭናጫ ሞተር ያላት ናት። ቮልስ!

መቼም ከከተማችን ልጆች ውስጥ ቮልስ አይቶ ልቡ ያልደነገጠ ጥቂት ነው። ክብ መብራቷ ዓይን፣ ኮፈኗ ግንባር ይመስላል። ስታዩዋት ፈገግ ያለችላችሁ ነው የሚመስላችሁ። ቀለሟ ታድሶ፣ ጎማዋ ዙሪያውን ነጭ ተደርጎ ካፌ በር ላይ ስትቆም አዲሱን መኪና ትቶ እሷን የማያይ የለም። እኔም እንደናንተው አይቼ ነው የወደቅሁት። አነሣሤን ግን ቆይ በተራ ልንገራችሁ።

የእኔ ፍቅር ከቤት የጀመረ ነው። አባቴ የመንግሥት ሠራተኛ ሳለ አንዲት ሰማያዊ ቮልስ ነበረችው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሲያጥባት ውሃ የማቀብለው እኔ ነበርኩ። እሁድ ቤተሰቡ በሙሉ ተጠቅጥቆ ዘመድ ጥየቃ ሲሄድ ደግሞ፣ ከኋላ ወንበር ጀርባ ያለችው የዕቃ ማስቀመጫ ጉድጓድ የእኔ ነበረች። እዚያ ተወሽቄ በኋላዋ መስታወት ከተማውን ሳይ ከእኔ በላይ ንጉሥ አልነበረም። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ግቢው ባዶ ሆኖ ጠበቀኝ። ተሸጣለች! አለቀስኩ። አባቴ ምንም አላለም። እናቴም “ዝም በል፣ አትጨቅጭቀው” አለችኝ።

እኔም በልጅ አእምሮዬ፣ አባቴ የሚወዳትን መኪና ለእኛ ሲል ሸጦ ኀዘኑን በሆዱ እንደያዘ ቆጠርኩት። “ሳድግ ቮልስ ገዝቼ በሩ ላይ አቆምለታለሁ” ብዬ ለራሴ ተሳልኩ። ይኼን ስለት ሃያ ዓመት ያህል ተሸክሜ ኖርኩላችሁ።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። እኔና እጮኛዬ ሁለት ዓመት ሙሉ ዕቁብ ስንጥል ቆይተናል። ትልቅ ሠርግ አላማረንም። ሐሳባችን ለቤት ኪራይ ቅድሚያ የሚከፈለውን ከፍለን፣ አልጋና የማዕድ ቤት ዕቃ ገዝተን ኑሮ መጀመር ነበር። ዕጣው ወጣልን። ብሩ የገባው በእኔ እጅ ነው። በዚያው ሳምንት አንድ ደላላ ደወለ። “ወንድሜ፣ እንደ ፈረንጆቹ የ1965 ሞዴል ናት። አንድ ሽማግሌ እጅ ላይ ተቀምጣ የኖረች። እንዳንተ ለሚወዳት ሰው ነው የምፈልጋት” አለኝ። ደላላ ሲያቆላምጣችሁ ኪሳችሁን ያዙ። እኔ አልያዝኩም።

ምክንያት ደሞ አይጠፋም። “መኪና ንብረት ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከልክሏል። እንግዲህ ያሉት አሮጌዎች ይወደዳሉ እንጂ አይረክሱም” ብዬ አሰላሁ። ለእጮኛዬ አልነገርኳትም። “አንድ ቀን ድንገት በሯ ላይ አቁሜ አስደንቃታለሁ” አልኩ። እውነቱን ልናገርና፣ “እምቢ” እንዳትለኝ ፈርቼ ነው።

ሊብሬው በስሜ ዞረ። የጫጉላ ጊዜያችን ግን አንድ ሳምንት አልሞላም።

መጀመሪያ ያሳፈረችኝ ዳገት ላይ ነው። የእኔዪቱ ሞተር ባለ 1200 ነው። ከፋብሪካ ስትወጣ 34 የፈረስ ጉልበት ነበራት። ይኼ ቁጥር የሚሠራው ደግሞ አየሩ ወፍራም በሆነበት ቆላ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። አየሩ ስስ ነው፤ ሞተር ደግሞ ከቤንዚኑ ጋር አየርም ይበላል። በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህሉን ያጣል። ስለዚህ ከ34ቱ ፈረሶች ሰባት ስምንቱ ሽቅብ ሳይወጡ ቆላ ቀርተዋል ማለት ነው። የተረፉትም ስልሳ ዓመት ያገለገሉ ናቸው! በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰትኩ ስወጣ የሚኒባስ ረዳት በመስኮት ብቅ ብሎ “እንግፋልህ እንዴ?” ይለኛል።

ማታ ደግሞ ሌላ ጉድ። የዛሬ መኪኖች ኤሌክትሪክ 12 ቮልት ሲሆን የእኔዪቱ 6 ቮልት ነው። በክረምት ማታ መብራቷን አብርቶ መሄድ ሻማ ይዞ በዝናብ ከመሄድ አይሻልም። ቆማችሁ ፍሬቻ ስታበሩ የፊት መብራቱ አብሮ ይርገበገባል። የመስታወት ማጠቢያውን ውሃ የሚገፋው ደግሞ ምን መሰላችሁ? ከተቀያሪ ጎማው የሚመጣ አየር! የጎማው አየር ሲቀንስ ማጠቢያውም ጭጭ ይላል።

ቁልቁለቱስ? አራቱም ጎማ ላይ ያለው ፍሬን የድሮው ዓይነት ነው፤ ዲስክ የላትም። ከእንጦጦ ስትወርዱ ደጋግማችሁ ከረገጣችሁት ይግልና ይሰንፋል። ኩርባ ላይ ፈጠን ካላችሁ ደግሞ የኋላ ጎማዎቿ ወደ ውስጥ ሰብሰብ ይሉና ከኋላ ትሸሻለች። ሙቀት ብትፈልጉ የምታሞቃችሁ በጭስ ማውጫዋ ዙሪያ አልፎ በሚመጣ አየር ነው። ያ ቱቦ ከነተበ ከሙቀቱ ጋር ጭሱም ይገባል። አንድ ማታ እጮኛዬ አቅፋኝ “ጋራዥ ሥራ ጀመርክ እንዴ?” አለችኝ። “የጓደኛዬ መኪና ተበላሽቶ ስንገፋ ነው” አልኳት። ዋሸሁ!

ከሁሉ የከፋው የጋራዡ ቀን ነው። አንድ አዛውንት መካኒክ ከኪሳቸው ትንሽ ማግኔት አወጡና ከበሩ ሥር አስጠጉት። ወደቀ። ትንሽ ፈንጠር አድርገው አስጠጉት። ወደቀ። የኋላውን ወንበር አንሥተው ባትሪው የተቀመጠበትን ወለል በመፍቻ ነካ ቢያደርጉት መፍቻው ገብቶ መሬት አየሁበት። “ልጄ፣ የከፈልከው ለመኪና አይደለም፣ ለስቱኮ ነው” አሉኝ። ከበሩ ሥር የሚያልፈው የላሜራ ቱቦና የባትሪው ወለል ቮልስ ቀድማ የምትዝግበት ቦታ ነው ለካ። አንጸባራቂ ቀለሙ የሸፈነው ይኼንን ነበር።

“ሞተሯም ቅምጥል ናት” አሉኝ ጨምረው። “በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ዘይቷ ይቀየራል፣ ቫልቯ ይስተካከላል። የዘይት ፊልትሮ የላትም፣ ወንፊት ብቻ ነው ያላት። ካላየሃት ታኮርፋለች።” መለዋወጫ ፍለጋ ሶማሌ ተራ ስንከራተት ደግሞ ሌላ ትምህርት አገኘሁ። ይቺ መኪና ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። የመጨረሻዋ ግን እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ ወጥታ ምርቱ ተዘግቷል። ዛሬ የምታገኙት ወይ ከሌላ ቮልስ የተነቀለ ነው፣ ወይ “ኦሪጅናል” እየተባለ የሚሸጥ ምናምን ነው።

እናላችሁ፣ በዚህ መሐል ሽማግሌ የመላኪያው እሁድ ደረሰ። እኔም ሞኙ፣ “በቃ ዛሬ ነው የማስደንቃት!” አልኩ። የንስሐ አባታችንን ከፊት፣ የዕድራችንን ዳኛና አንድ ጡረተኛ ወታደር ከኋላ ጫንኩ። ጋቢና ነጠላው መኪናዋን ሞላት። እኔ በር ላይ አድርሻቸው ልመለስ ነው። ከሳሪስ ተነሥተን መስቀል አደባባይን፣ አራት ኪሎን አለፍን። ከስድስት ኪሎ በላይ ሽቅቡን ስንያያዘው ከመሪው ፊት ለፊት አንዲት ቀይ መብራት በራች። “የባትሪ ነገር ነው” ብዬ ቸል አልኳት።

እዚህ ላይ ልብ በሉ! ቮልስ ራዲያተር የላትም፣ ውሃ የላትም። ሞተሯን የሚያበርደው ከኋላ ያለ ማራገቢያ ነው። ማራገቢያውንም ዲናሞውንም የሚያዞረው ያው አንድ ቺንጋ ነው። ስለዚህ ቀዩ መብራት ሲበራ ቺንጋው ተበጥሶ ሊሆን ይችላል፤ ወዲያው ካላቆማችሁ ሞተሩ ራሱን ይጠብሳል። እኔ አላቆምኩም። ሽሮ ሜዳ ልንደርስ ትንሽ ሲቀረን የተቃጠለ ዘይት ሸተተን። ከኋላ ጭስ ተነሣ። ከዚያ “ቋ!” አለችና ቀጥ።

ጡረተኛው ወታደር ወርደው ጋቢያቸውን እያራገፉ፣ “ምን ይገርማል! ጃንሆይን ከዙፋን ያወረደች መኪና እኛን ከመንገድ ብታወርድ!” አሉ። እውነታቸውን ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ከሥልጣን ሲያወርድ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የወሰዳቸው በቮልስዋገን ነበር። ሌሎቹ ሽማግሌዎች ሳቁ። እኔ ግን ማልቀስ አማረኝ። ሦስት የተከበሩ ሰዎች ለእኔ ሲሉ ያንን ዳገት በእግራቸው ወጡት።

ሽማግሌዎቹ የሄዱት “ልጃችን ጠንቃቃ ነው፣ ገንዘብ ያውቃል” ሊሉ ነው። አርፍደው ደርሰው “ምን አገኛችሁ?” ሲባሉ፣ ወታደሩ በየዋህነት “የልጃችን መኪና ቆማብን ነው” አሉ። የልጅቷ ቤተሰቦች “ተማክረን እንነግራችኋለን” ብለው ሸኟቸው። ማታ ስልኬ ጮኸ።

“መኪና? የምን መኪና?”

ሁሉን ነገርኳት። ረዥም ዝምታ ሆነ። “ብትጠይቀኝ ምናልባት እሺ እልህ ነበር። ግማሹ የእኔ ብር ነው። እኔን ምነው ረሳኸኝ?” አለችና ዘጋችው። ብትሰድበኝ በተሻለኝ።

በማግሥቱ ቮልሷ ተጎትታ መጥታ እንደ ስለቴ አባቴ በር ላይ ቆመች። አባቴ ወጣ። በሩን ከፍቶ ገባ፣ መሪውን ጨበጠ፣ አሸተታት። “አባባ፣ ላንተ ብዬ ነበር እኮ” አልኩት። እንባ የሚያወጣ መስሎኝ ስጠብቅ ሳቁን ለቀቀው።

“ልጄ፣ ያቺን ሰማያዊዋን የሸጥኩ ቀን ምን እንዳደረግሁ ታውቃለህ? ለጥ ብዬ ተኛሁ! የደመወዜን ግማሽ ጋራዥ ነበር የሚበላው። ቅዳሜ ቅዳሜ የማጥባት ገዥ ይመጣል እያልኩ ነው።”

“ታዲያ ያኔ ለምን ዝም አልክ?”

“አንተ ታለቅስ ነበራ። እንዲያ የምትወዳትን ‘ዕዳ ናት’ ብዬ እንዴት ልንገርህ?”

እዚያው መኪናዋ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ቆየን። ሃያ ዓመት ሙሉ ስናፍቅ የኖርኩት ከኋላ ጉድጓድ ሆኜ ያየኋትን ቮልስ ነው። መሪው ላይ የነበረው ሰው የሚያያት ሌላ ነበር። አንድም ቀን ጠይቄው አላውቅም።

ቮልሷን የገዛኝ እነዚያው አዛውንት መካኒክ ናቸው። ከከፈልኩት አንድ ሦስተኛውን አጣሁ። እሳቸው ግን ጊዜውም እጁም አላቸው፣ ደግሞም ዓይናቸው ተከፍቶ ነው የገዟት። አልፈርድባትም። በ1930ዎቹ የፈረንጅ ዘመን ተራው ሰው በርካሽ እንዲነዳት የታሰበች መኪና ናት። ስሟም “የሕዝብ መኪና” ማለት ነው። በስልሳ ዓመቷ ሽማግሌ ጭነሽ ሽሮ ሜዳ ውጪ ያልኳት እኔ ነኝ።

እንግዲህ ልባችሁ በአሮጌ መኪና ለተያዘ ወንድሞቼና እህቶቼ ይቺን ምክር ያዙልኝ። ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ፣ ከበሩ ሥርና ከኋላ ወንበር በታች ፈትሹ። ሳትከፍሉ በፊት አንድ ዳገት ውጡባት፣ አንድ ማታ ንዷት። ከገዛችሁም ትርፍ ቺንጋና መፍቻ ከመኪናዋ አይጥፋ፣ ለጋራዥም ብር ለይታችሁ አስቀምጡ። ድሮ የነበረውን ሰው ለምን እንደሸጠ ጠይቁት። ከሁሉ በፊት ግን ብሩን አብሮ ላጠራቀመው ሰው ንገሩ። ቀዩ መብራት ፍቅር ውስጥም አለ፤ እኔ የመጀመሪያዋን ውሸት ስዋሽ በርቶ ነበር።

ለሁለተኛው ቀጠሮ ሽማግሌዎቹ በኮንትራት ታክሲ ሄዱ። በሰዓታቸው ደረሱ፣ እሺታውንም ይዘው መጡ። ዕቁቡን እንደገና ጀምረናል። ዕጣው ሲወጣ ብሩን የምትቀበለው ግን እሷ ናት።