«አሪፍ ነው» የገደላቸው ዘፈኖች

በአማርኛ ዘፈን ላይ ከሳንሱር የባሰ ጉዳት ያደረሰ ነገር ካለ «አሪፍ ነው» የሚለው አስተያየት ነው። ሳንሱር ቢያንስ ግጥሙን አንብቦ ነበር የሚከለክለው። «አሪፍ ነው» ግን ሳይሰማ ያሳልፋል። ልጁ ሌሊቱን የለፋበትን ዘፈን በስልኩ ቀድቶ ለጓደኛው ይልካል። ጓደኛው ሃያ ሰከንድ ያህል ሰምቶ የእሳት ምልክት ሦስት ጊዜ ይደረድርና «አሪፍ ነው፣ ቀጥልበት» ይለዋል። ልጁም ይቀጥላል። ከወራት በኋላ ያጠራቀማትን ይዞ ስቱዲዮ ይገባል፣ ዩቲዩብ ላይ ይጭናል። ያን ጊዜ የማያውቃቸው ሰዎች እውነቱን ይነግሩታል፤ ያውም በስድብ።

ከገርጂ እስከ ጎሮ፣ ከቡልቡላ እስከ ሰሚት፣ አውሮፕላን ማረፊያውን በከበቡት ሰፈሮች እንዲህ ያሉ ልጆች ሞልተዋል። የኮንዶሚኒየም መኝታ ቤት ግድግዳ ላይ የእንቁላል ካርቶንና ስፖንጅ ተለጥፎ ስቱዲዮ ይሆናል። አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ማይክ፣ አንድ ወንበር። አውሮፕላን ሲነሣ ቀረጻው ይቆማል፣ ድምፁ ሲርቅ ይቀጥላል። እዚያ ክፍል ውስጥ የጎደለው ዕቃ አይደለም። የጎደለው ሌላ ሰው ነው።

ካሴት የነበራቸው ሰዎች ሽፋኑን ያስታውሱታል። በየዘፈኑ አንጻር ግጥም የእገሌ፣ ዜማ የእገሌ፣ ቅንብር የእገሌ ይላል። ግጥሙ የይልማ ገብረአብ፣ ዜማው የአበበ መለሰ ሆኖ፣ ድምፃዊው ሌላ፣ የሚያጅበው ባንድ ደግሞ ሌላ ይሆናል። ይህ የሥራ ክፍፍል በአንድ በኩል ክፍያ ማከፋፈያ ነበር፤ በሌላ በኩል ግን ማንም ሳያቅደው የማረሚያ መንገድ ሆኖ አገልግሏል። ግጥሙ ለዜማው አልመች ካለ ዜማ ደራሲው ይመልሰዋል። ቃሉ አፍ ውስጥ ከተንቀረቀበ ድምፃዊው ያማርራል። ባንዱ ሲለማመድ ደግሞ ከበሮ መቺውም ጆሮ አለው። አንድ ዘፈን ሕዝብ ጋ ከመድረሱ በፊት ቢያንስ አምስት ስድስት ጆሮ ያልፍ ነበር ማለት ነው፣ ያም የጥቅም ሰው ጆሮ፤ ዘፈኑ ከወደቀ አብረው የሚወድቁ ሰዎች ናቸውና።

ዛሬ ግጥሙንም፣ ዜማውንም፣ ቅንብሩንም፣ ድምፁንም አንድ ልጅ ብቻውን ይሠራዋል። ችሎታው ያስደንቃል፣ ማንም አይክደውም። ነገር ግን አምስቱም ጆሮዎች ተሰናብተዋል።

አውሮፕላን ማረፊያው በ2011 ዓ.ም. ተስፋፍቶ ሲመረቅ በዓመት 22 ሚሊዮን መንገደኛ ያስተናግዳል ተብሎ ነበር። መንገደኛ ሲበዛ ሸኚና ተቀባይ ይበዛል፤ ሸኚና ተቀባይ ሲበዛ ደግሞ የሚጠብቅ ሾፌር ይበዛል። ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ፣ የአውሮፓና የአሜሪካ በረራዎች በሚደራረቡበት ሰዓት፣ መኪና ማቆሚያው አካባቢ ሰው የሚያለቅስበትና ሰው እንቅልፍ የሚሰርቅበት ቦታ ነው። ከሾፌሮቹ አንዱ ዘፈን ይጽፋል። ሠላሳ ያልሞላው ልጅ ነው። የመኪናውን ጎማ ለመቀየር ካስቀመጠው ብር ላይ ቀንሶ አንድ ዘፈን ለማስቀረጽ አስቧል። ጎማዎቹ አልቀዋል፣ ስለዚህ ውሳኔው ቀላል አይደለም።

ዘፈኑን ለሰባት ሰው ልኮ ነበር። ሰባቱም «አሪፍ ነው» ብለውታል። ስምንተኛው ሰው እዚያው ተራ የሚጠብቅ ስልሳ ያለፈው ሾፌር ነው። በደርግ ዘመን በቀበሌ ኪነት ሲዘፍን የነበረ፣ አሁን ሬዲዮ እንኳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚሰማ ሰው። ልጁ መኪናው ውስጥ አስገብቶ አሰማው። የመጀመሪያው አንቀጽ እንዲህ ይጀምራል፦

ሸኝቼሽ ስመለስ ከቦሌ ጎዳና
አውሮፕላኑ ሄደ ልቤም አብሮ ሄደና

ሽማግሌው እስከ መጨረሻው ሰማ። ከዚያ «ድገመው» አለ። ሁለተኛ ሰማና ጣቱን መሪው ላይ እየመታ ቆጠረ።

«የላይኛው ስድስት ስድስት ነው፣ ደህና ነው። የታችኛው መጨረሻው ላይ ሰባት ሆነብህ። ለዚህ ነው እዚያ ስትደርስ የምትሮጠው።»

ልጁ ወል ቤት የሚባል ነገር መኖሩን አያውቅም ነበር። በስድስት ስድስት ቀለም የሚሄደው የአማርኛ ግጥም ልክ በጆሮው ገብቶ የመጀመሪያውን ስንኝ አስተካክሎ አስጽፎታል፤ ሁለተኛው ላይ ግን ቤት ለመምታት ሲጣደፍ ከልኩ አለፈ። ቆጠራው ግን ትንሹ ነገር ነበር።

«ለመሆኑ ማናት? ፍቅረኛህ ናት?»

«እህቴ ናት ጋሼ። ቤሩት ሄዳ።»

«አንተ ነህ የሸኘሃት?»

«በዚችው መኪና።»

«ታዲያ ስትመለስ ምን አየህ?»

ልጁ አሰበ። «ምንም። ሸኚ ከበር አያልፍም፣ አውሮፕላኑንም አላየሁትም። ወንበሩ... ወንበሩን ወደ ኋላ ለጥጣው ነበር፣ ትንሽ ልተኛ ብላ። እንደዚያው ነበር።»

«አውሮፕላኑን ካላየኸው ለምን ጻፍከው?»

ሌላ አስተያየት አልሰጠም። መንገደኛው መጣና ወጣ። በሦስተኛው ቀን ልጁ ይህን ይዞ መጣ፦

ሸኝቼሽ ስመለስ ከቦሌ ጎዳና
መኪናዬ ሰፋኝ ወንበርሽ ቀረና

ታላቅ ግጥም ነው አይባልም። ነገር ግን የእሱ ግጥም ነው። የመጀመሪያውን ማንም ሰው፣ ቦሌን ረግጦ የማያውቅ ሰው እንኳ፣ ሊጽፈው ይችላል፤ ልብና አውሮፕላን አብረው ሲበርሩ ስንት ዓመታቸው ነው። ሁለተኛውን ሊጽፍ የሚችለው እህቱን በራሱ መኪና ወስዶ፣ ብቻውን የተመለሰ ሰው ነው። «ቀረ» የሚለው ቃል ሁለት ቦታ መቆሙም ልብ ይባል፤ ወንበሩ እዚህ ቀረ፣ ተቀማጯም ከቤት ቀረች። ልጁ ይህን አስቦበት እንደሆነ ተጠይቆ ሳቀ እንጂ አልመለሰም።

ሽማግሌው ያደረገው ነገር አዲስ አይደለም። አዝማሪ ቤት የገባ ሁሉ ያውቀዋል። ታዳሚው «ተቀበል!» ይልና ሁለት ስንኝ ይወረውራል። አዝማሪው ከማሲንቆው ጋር አስማምቶ መልሶ ይዘፍነዋል። የተወረወረው ስንኝ ከዜማው ከረዘመ አዝማሪው እየዘፈነ ይቆርጠዋል፤ ከጎደለ አንድ ቃል ይጨምርበታል። የሰጪው ስንኝ በራሱ ፊት፣ በሳቅ መሃል፣ ታርሞ ይመለስለታል። ማንም አይቀየምም። «ተቀበል» የሚለው ቃል ራሱ የሚገርም ነው፤ ስንኙን የሚሰጠው ሰው ነው የሚናገረው፣ ወዲያው ግን የታረመውን ለመቀበል ተራው የእሱ ይሆናል።

ጠበቅ ያለውን መንገድ የሚፈልግ ደግሞ ቅኔ ቤትን ያስብ። ዋሸራም ይሁን ጎንጅ፣ ዋድላም ይሁን፣ ተማሪው በባለ ሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ይጀምራል። ቀኑን ብቻውን ሲቆጥር ይውልና የቆጠረውን ለመምህሩ ወይም ለአስነጋሪው ይነግራል። መምህሩ እዚያው ያርመዋል፤ ልኩን፣ ሰዋስውን፣ ምሥጢሩን። ነገ ሌላ አዲስ ይዞ ይመጣል፤ የትናንቱን መድገም የለም። ወደ መወድስ ስምንት ቤት የሚደርሰው በዚህ ዓይነት ስንት መቶ ጊዜ ታርሞ ነው። በመጨረሻ ጉባኤው ውስጥ «ይበል!» ሲባልለት ያ «ይበል» ዋጋ አለው፣ ምክንያቱም ያው ጉባኤ ዝም ሲል ወይም ሲያርም ሰምቶታል። «አሪፍ ነው» ዋጋ ያጣው ተቃራኒውን ተናግሮ ስለማያውቅ ነው።

ፈረንጆቹም ቢሆኑ በዚህ መንገድ ነው የሚሄዱት። ኒው ዮርክ ውስጥ ለሙዚቃ ቲያትር ዘፈን የሚጽፉ ሰዎች የሚሰባሰቡበት፣ ሌማን ኤንግል የተባለ የሙዚቃ መሪ በ1961 እ.ኤ.አ. የጀመረው የቢ.ኤም.አይ. ወርክሾፕ አለ። ጸሐፊው ዘፈኑን በሌሎች ጸሐፊዎች ፊት ያቀርባል፣ ከዚያ ተቀምጦ ይሰማል። ከቅኔ ቤቱ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ፒያኖው ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ልማድ ያለው ሕዝብ እንዴት በእሳት ምልክት ረካ? አንዱ ምክንያት «ግምገማ» የሚለው ቃል ነው። ባለፉት አሥርት ዓመታት በመሥሪያ ቤት፣ በቀበሌ፣ በዩኒቨርሲቲ ግምገማ ላይ የተቀመጠ ሰው የሚገመገመው ሥራው ሳይሆን እሱ ራሱ እንደሆነ ያውቃል። ስህተትህን ተናገር ይባላል፣ ከተናገረ ይያዝበታል፣ ካልተናገረም ይያዝበታል። ከዚያ ስብሰባ የወጣ ሰው ጓደኛውን መገምገም እንደ ክህደት ቢቆጥረው አይፈረድበትም። ስለዚህ ሁለት መንገድ ብቻ ቀረ፤ ፊት ለፊት ማሞገስ፣ ከኋላ ማማት። ስንኝን ከሰውየው ለይቶ የሚይዝ ሦስተኛ መንገድ አዝማሪ ቤትና ቅኔ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ሳለ።

ሁለተኛው ምክንያት ስርቆት ነው፣ ይህኛው ደግሞ ከፍርሃት በላይ ነው። ያልወጣ ዘፈን ለሰው ማሰማት ዜማን መንገድ ላይ እንደ መጣል ይቆጠራል። «ሰምቶ ሰረቀኝ» የሚል ወሬ በየስቱዲዮው አለ፤ አንዳንዱ እውነት ነው፣ አንዳንዱ ሁለት ሰው በአንድ ትዝታ ቅኝት ሲያንጎራጉር መመሳሰሉ የማይቀር ስለሆነ ነው። ይሁንና ሕጉ ብዙዎች ከሚያስቡት በላይ ለጀማሪው ያደላል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንድ ሥራ ወጥ ከሆነና ከተጻፈ ወይም ከተቀረጸ ከተፈጠረበት ጊዜ ጀምሮ ጥበቃ ያገኛል ይላል፤ ማስመዝገብ ግዴታ አይደለም። የኢኮኖሚ መብቱም ደራሲው በሕይወት እስካለ፣ ከዚያም በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። በስልክ የተቀዳ ማንጎራጎርም ቀረጻ ነው፣ ስልኩም ቀኑን ይይዛል። ለጓደኛ በቴሌግራም የተላከ ድምፅ የተላከበት ቀንና ሰዓት ተጽፎበት ይቀመጣል። ዘፈኑን ደብቆ ከያዘው ሰው ይልቅ ለሦስት ሰው ልኮ አስተያየት የጠየቀው ሰው ክርክር ቢመጣ የተሻለ ማስረጃ ይኖረዋል ማለት ነው።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ሕጉ ሐሳብን ብቻውን አይጠብቅም፣ የሐሳቡን አገላለጽ እንጂ። «ስትመለስ ምን አየህ?» ብሎ የጠየቀ ሰው የግጥሙ ባለቤት አይሆንም። አንድ ሙሉ ስንኝ አውጥቶ የሰጠ ሰው ጉዳይ ግን ሌላ ነው፣ የጋራ ሥራ ነው ሊባል ይችላል፤ አስቀድሞ መነጋገር ሳይሻል አይቀርም። ለካ ሽማግሌው ስንኝ ከመስጠት ይልቅ ጥያቄ መጠየቁ በሕግ በኩልም ብልህነት ኖሯል።

አሁን ዘፈኑ አዝማቹ ላይ ቆሟል። ልጁ በአዝማቹ ውስጥ «ውዴ» እያለ ይጠራታል። ሽማግሌው «እህትህን ውዴ ነው የምትላት?» ብሎ ሳቀበትና «እታለም በላት» አለው። እዚያው የሚጠብቁ ሌሎች ሁለት ሾፌሮች በነገሩ ገቡ። አንደኛው «እታለም» የገጠር ነው፣ ቲክቶክ ላይ ማንም አይሰማውም፣ ውዴ ከተባለ ግን ሁሉም ለፍቅረኛው ይልከዋል አለ። ሌላኛው የእሱም እህት ዱባይ መሆኗን ተናግሮ ዝም አለ። ልጁ ሁለቱንም ዓይነት ቀድቶ ያዘ። አንዱን ቤሩት ለእህቱ ሊልክላት ነበር፣ ሐሳቡን ቀየረ፤ ሁለቱንም ይልክላትና የትኛው ነው ብሎ ይጠይቃታል። እሷ «አሪፍ ነው» ብላ እንዳትመልስለት መጀመሪያ አስጠንቅቋታል። መልስ ገና አልመጣም፤ ዕረፍቷ እሑድ ነው።